ሶጆርነር ትሩዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ገጽ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ወደ እኛ ለመመለስ ከጥር እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት 8፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ባሉት ደግሞ 7 ይቀንሱ። ወርና ቀኑንም መመለስ የሚፈልግ ይጠንቀቅ፤ በ19ኛው መቶ ዘመን በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የነበረው ርቀት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንሳል። የዛሬውን ሠንጠረዥ ይዞ የዚያን ዘመን ቀን የሚያሰላ ሰው አንድ ቀን ይስታል።

ሶጆርነር ትሩዝ ማን ናት?

በኒው ዮርክ ግዛት አልስተር በሚባል አውራጃ በ1797 ገደማ በባርነት የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ከ1843 ጀምሮ ከከተማ ከተማ እየዞረች ባርነት እንዲቀር፣ ሴቶችም የመምረጥ መብት እንዲያገኙ ስትናገር ኖራለች። የሞተችው ኅዳር 26 ቀን 1883 ሚሺጋን ውስጥ ባትል ክሪክ በምትባል ከተማ ነው፤ በእኛ ኅዳር 17 ቀን 1876 ዓ.ም.፣ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ማለት ነው። የልደቷ ዓመት «ገደማ» የሚባለው የባሪያ ልጅ የተወለደበትን ቀን የሚመዘግብ ስላልነበረ ነው። የተሸጠችበት ዋጋ ግን ተይዟል። ሕይወቷን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ስለ እሷ ከተነገሩት ንግግሮች ይልቅ ደረሰኞቿንና የፍርድ ቤት ጉዳዮቿን ቢከተል የበለጠ ያገኛል።

ባርነት የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጉዳይ አልነበረም እንዴ?

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ኒው ዮርክ በ1799 ያወጣው ሕግ ባርነትን ያስቀረው ቀስ በቀስ ነበር። ከሐምሌ 4 ቀን 1799 በኋላ የተወለዱት ነፃ ናቸው ተባለ፤ ሆኖም ወንዱ እስከ 28፣ ሴቷ እስከ 25 ዓመቷ ለእናቷ ጌታ ማገልገል ነበረባት። ከዚያ በፊት የተወለዱት ነፃ የሚወጡበት ቀን ሐምሌ 4 ቀን 1827 እንዲሆን የተወሰነው በ1817 በወጣ ሌላ ሕግ ነው። እሷ ከቀኑ ገደብ በሁለት ዓመት ገደማ ቀድማ ስለተወለደች በሕጉ መሠረት ነፃ የምትወጣው በ1827 ነበር።

የደቡብ ሴት አድርጎ ማሰቡ ቋንቋዋንም ያሳስታል። ያደገችው በሆላንዶች ዘር ቤት ስለነበር አፏን የፈታችው በደች ነው። ኢዛቤላ ትባል ነበር። የመጀመሪያው ጌታዋ ቤተሰብ ባሮቹን የሚያሳድረው ምድር ቤት ነበር። ወለሉ ላላ ያለ ሳንቃ ነው፤ ከሥሩ ጭቃና ውሃ ይንቦጫረቃል፤ ሴትና ወንድ፣ ትልቅና ትንሽ ሳይለይ ጭድ ላይ በአንድ ላይ ይተኛል። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆናት በጨረታ ከበግ መንጋ ጋር በ100 ዶላር ተሸጠች። የገዟት ሰዎች የሚናገሩት እንግሊዝኛ ብቻ ነው። መጥበሻ አምጪ ሲሏት ድስት የሚንጠለጠልበትን ሜንጦ ይዛ ትመጣለች፤ ለዚህም ትገረፋለች። ከሁለት ዓመት በኋላ በ105 ዶላር፣ በ1810 ደግሞ በ175 ዶላር ተሸጠች። የመጨረሻው ገዢ ጆን ዱሞንት ይባላል፤ አምስት ልጆቿንም የወለደችው እሱ ቤት ሆና ነው።

ጠፍታ ነው የወጣችው ወይስ ተፈትታ?

ሁለቱም አይደለም ብትል ደስ ይላታል። ዱሞንት በደንብ ከሠራሽ ከሕጉ አንድ ዓመት ቀድሜ በ1826 እለቅሻለሁ ብሏት ነበር። ዓመቱ ሲደርስ እጇ ታሞ ሥራ ጎድሎብኛል ብሎ ቃሉን አጠፈ። እሷም ዕዳ አለብኝ ካለችው ሥራ ላይ ወደ 100 ፓውንድ፣ ማለትም 45 ኪሎ ያህል፣ ሱፍ ፈትላ ጨረሰች። ከዚያ በመከር ወራት ጎሕ ሳይቀድ ጡት የምትጠባውን ልጇን ሶፊያን ታቅፋ ወጣች። በኋላ ስታስረዳ «አልጠፋሁም፤ መጥፋት ኃጢአት መሰለኝ። በእግሬ ሄድኩ እንጂ» ብላለች።

የደረሰችው አይዛክና ማሪያ ቫን ዋገነን የሚባሉ ባልና ሚስት ቤት ነው። ዱሞንት ተከትሎ ሲመጣ ለቀረው ዓመት አገልግሎት ለእናቲቱ 20፣ ለሕፃኗ 5 ዶላር ከፍለው መለሱት። ሌሎቹን ልጆች ለምን ትታ ሄደች ለሚለው መልሱ ሕጉ ነው። በባርነት ባይሆንም አድገው እስኪጎለምሱ ድረስ ለዱሞንት የማገልገል ግዴታ ስለነበረባቸው ይዛቸው ብትወጣ ሕጉ ለእሱ ያደላ ነበር።

ነጭን ከስሳ ልጇን ያስመለሰችበት ታሪክ እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ሰነዱም አለ። ልጇ ጴጥሮስ አምስት ዓመት ገደማ ሆኖት ሳለ ዱሞንት ጌድኒ ለሚባል ሰው ሸጠው። ልጁ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ የጌድኒን እህት ያገባ የአላባማ ተክል እርሻ ባለቤት ጋ ደረሰ። ባሪያን ከኒው ዮርክ ወደ ሌላ ግዛት አውጥቶ መሸጥ ክልክል ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ነፃ የሚወጣበት ቀን ሲቃረብ ባሪያውን ደቡብ ወስዶ የሚሸጥ ጌታ በዝቶ ነበር። አላባማ ውስጥ ደግሞ የ1827 ነፃነት የሚባል ነገር የለም፤ ልጁ እስከ ዕድሜ ልኩ ባሪያ ነው።

መጀመሪያ የሄደችው የቀድሞ እመቤቷ ጋ ነበር። ሴትየዋ ለአንድ ልጅ ይህ ሁሉ ጩኸት ምንድን ነው ብላ አፌዘችባት። ቀጥሎ ኩዌከር የሚባሉትን ባርነትን የሚቃወሙ ክርስቲያኖች አገኘች፤ እነሱም አሳድረው ኪንግስተን ወዳለው ፍርድ ቤት መሯት። እዚያ ቃለ መሐላ ፈጽማ ለጌድኒ የሚደርስ መጥሪያ ተጻፈላት። ትእዛዙን ይዞ የሄደው መኰንን ግን የጌድኒን ወንድም በስሕተት ጠራ። ጌድኒ ይህን ሲሰማ በጀልባ ወንዙን አቋርጦ አመለጠ፤ ጠበቃ አማክሮም ልጁን ሊያመጣ ወደ አላባማ ተጓዘ። ልጁን ይዞ ቢመለስም ለእናቱ አልሰጥም አለ፤ በ600 ዶላር ዋስ ተይዞ ጉዳዩ እስከሚቀጥለው ችሎት ይቆይ ተባለ። ወራት መጠበቅ አልሆነላትም። ሌላ ጠበቃ 5 ዶላር ካመጣሽ በ24 ሰዓት ልጅሽን አመጣልሻለሁ አላት። ያንን ገንዘብ ኩዌከሮቹ አዋጥተው ሰጧት። ከ5 ዶላር በላይ ሆኖ ነበር፤ የተረፈውንም ለራሷ ሳታስቀር ለጠበቃው ሰጠችው።

ልጁ ችሎት ፊት ሲቀርብ እናቴ አይደለችም ብሎ ጮኸ፤ ተንበርክኮም አትውሰዱኝ አለ። ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ ከምን መጣ ሲባል ፈረስ ረገጠኝ አለ። ዳኛው በፍርሃት እንደሚናገር ስለገባው ለእናቱ ሰጠው። ቤት ወስዳ ልብሱን ስታወልቅ ጀርባው እንደ እጇ ጣት በወፈረ ሰንበር ተሸፍኗል። ይህ የሆነው በ1828 ነው። መዝገቡ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ኖሮ በኒው ዮርክ ግዛት ቤተ መዛግብት ውስጥ መገኘቱ የተነገረው በ2022 ነው። ሳይታይ የቆየበት አንዱ ምክንያት «ሶጆርነር ትሩዝ» የሚል ስም ላዩ ላይ ስለሌለ ነው፤ ያኔ የምትጠራው ኢዛቤላ ቫን ዋገነን ተብላ ነበር። በዚያ ዘመን የነበረን ጥቁር ሰው መዝገብ የሚፈልግ ሁሉ የጌቶቹን ስም ጭምር ይዞ መፈለግ አለበት።

ጴጥሮስ በ1839 በዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ተቀጥሮ ሄደ። መርከቡ በ1842 ሲመለስ እሱ ውስጡ አልነበረም።

ስሟን ለምን ቀየረች? ትርጉሙስ?

ሶጆርነር በመዝሙረ ዳዊት «መጻተኛ» የሚለው ቃል ነው፤ አገሩ ሳይሆን የሚያርፍ፣ መንገደኛ። ትሩዝ ደግሞ እውነት። ሰኔ 1 ቀን 1843 ጥቂት ልብስ የትራስ ጨርቅ ውስጥ ከትታ፣ 25 ሳንቲም ያህል ይዛ ከኒው ዮርክ ከተማ በእግሯ ወጣች። የምታድረው በደረሰችበት ነው፤ ምግቧንም ሠርታ ትበላለች።

ከዚያ በፊት ሐሰተኛ ነቢይ ትከተል ነበር ይባላል። እንዴት ነው?

አዎ። ማትያስ ነኝ የሚል ሰው በ1830ዎቹ መጀመሪያ ባቋቋመው ማኅበር ውስጥ ምግብ አብሳይና አጣቢ ሆና አገልግላለች። ከአባላቱ አንዱ በ1834 ሲሞት ማትያስ በግድያ ተከስሶ ነፃ ወጣ። የማኅበሩ አባል የነበሩ ባልና ሚስት ደግሞ እሷ መርዝ አብልታናለች ብለው አወሩ። በስም ማጥፋት ከስሳ 125 ዶላር ተፈረደላት። በሐሰተኛ ነቢይ የተታለለችበት ዘመን ነው ብሎ መደበቁ አይጠቅምም፤ ከተራ ወሬ ራሷን በሕግ ማስከበሯም የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው።

«እኔስ ሴት አይደለሁም?» ያለችው የት ነው?

በዚህ ቃል ስለማለቷ ጥሩ ማስረጃ የለም። ንግግሩ የተደረገው ግንቦት 29 ቀን 1851 አክሮን፣ ኦሃዮ በተካሄደ የሴቶች መብት ጉባኤ ላይ ነው፤ ይህ አያከራክርም። የሚያከራክረው የንግግሩ ቃል ነው፤ ሁለት ቅጂ አለውና።

የመጀመሪያው በሰኔ 21 ቀን 1851 ጋዜጣ ላይ ወጣ። የጻፈው ማሪየስ ሮቢንሰን ነው፤ በጉባኤው ላይ ነበር፣ እሷንም በቅርብ ያውቃታል። በዚህ ቅጂ «እኔስ ሴት አይደለሁም?» የሚል ዓረፍተ ነገር አንድም ጊዜ የለም። ሁለተኛውን ጉባኤውን የመራችው ፍራንሲስ ጌጅ ያሳተመችው በ1863፣ ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ዝነኛው አባባል እየተደጋገመ የገባው በዚህኛው ነው። እሷ የማታውቀው የደቡብ ባሮች አነጋገርም ተጨምሮበታል። አፍ መፍቻዋ ደች የሆነ የኒው ዮርክ ሴት እንደ ጆርጂያ ሰው ትናገራለች ማለት የጎንደርን ሰው በሐረር ዘዬ እንደማናገር ነው። 13 ልጆች ወልጃለሁ የሚለውም የመጣው ከዚህ ቅጂ ነው። የወለደችው አምስት ነው።

ሮቢንሰን የጻፈው በእኛ አስተያየት ከዝነኛው ይበልጣል። ወንድ የሚሠራውን ሁሉ አርሳ፣ አጭዳ፣ እንጨት ፈልጣ እንደምታውቅ ትናገራለች። የሴት አእምሮ ትንሽ ነው ለሚሉት ደግሞ በፓይንትና በኳርት ትመልሳለች። ፓይንት ግማሽ ሊትር ያህል የሚይዝ መስፈሪያ ነው፤ ኳርት ሁለት ፓይንት ነው። የሴት ፓይንት፣ የወንድ ኳርት ከሆነ ታዲያ ሴቷ ትንሿን ፓይንቷን ብትሞላ ምን አለበት? ከፓይንቷ በላይ አይይዝላትም፤ ብዙ እንዳትወስድባችሁ አትስጉ ትላለች። ቀጥላ ኢየሱስ ወደ ዓለም የመጣው በፈጠረው እግዚአብሔርና በወለደችው ሴት ነው ብላ «ወንድ ሆይ፣ የአንተ ድርሻ የቱ ጋ ነው?» ስትል ትጠይቃለች። ለትምህርት ቤት የሚጽፍ ተማሪ ይህኛውን ይጥቀስ። ዝነኛውን መጥቀስ ካለበትም ከ12 ዓመት በኋላ በሌላ ሰው የተጻፈ መሆኑን ያክል።

ማንበብና መጻፍ ካልቻለች መጽሐፏ ከየት መጣ? በምንስ ትተዳደር ነበር?

ታሪኳን የጻፈችላት ኦሊቭ ጊልበርት ናት፤ ትሩዝ እየተናገረች። መጽሐፉ በ1850 ታተመ፤ በዚያው ዓመትም ማሳቹሴትስ ውስጥ ፍሎረንስ በምትባል መንደር የ300 ዶላር ቤት በብድር ገዛች። ከየስብሰባው በኋላ መጽሐፉን እየሸጠች ዕዳዋን በ1854 ከፍላ ጨረሰች። መጽሐፍ ቅዱስን ደግሞ በልጆች ማስነበብ ትመርጥ ነበር፤ ትልልቆቹ እያነበቡ ትርጓሜ ይጨምራሉ፣ ልጅ ግን የተጻፈውን ብቻ ደግሞ ደጋግሞ ያነባል ባይ ናት።

የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ የተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) ከተነሳ ወዲህ ሌላው መተዳደሪያዋ ፎቶግራፍ ነበር። የእጅ መዳፍ የሚያክሉ በካርቶን ላይ የተለጠፉ ፎቶዎች ናቸው። በዘመኑ ባሮችን ጀርባቸውን አስገልጠው የሚያነሱ ሲኖሩ፣ እሷ ነጭ ነጠላ መሳይ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ መነጽር አድርጋ፣ ሹራብ መሥሪያዋን ይዛ ነው የተነሳችው። የፎቶውን ባለቤትነት ብዙ ጊዜ የሚያስመዘግበው ፎቶ አንሺው ነበር። የእሷ ግን በ1864 በራሷ ስም ተመዘገበ። ከሥሩ «አካሉን ለማኖር ጥላውን እሸጣለሁ» የሚል አለበት። ጥላ የተባለው ፎቶው ነው።

ከሊንከን ጋር የተነሳችው ፎቶ እውነተኛ ነው?

ፎቶ አብረው አልተነሱም። ጥቅምት 29 ቀን 1864 ኋይት ሀውስ ተገናኝተዋል፤ ሊንከንም የፊርማ ደብተሯ ላይ ስሟንና ቀኑን ጽፎ ፈርሞላታል። በኢንተርኔት የሚዘዋወረው፣ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያሳያት የሚታይበት ምስል በ1893፣ እሷ ከሞተች ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ከተሳለ ሥዕል የመጣ ነው።

የትራሙስ ጉዳይ?

በ1865 ዋሽንግተን ውስጥ ከባርነት የወጡትን በሚያክም ሆስፒታል ትሠራ ነበር። የትራም ኩባንያዎች ጥቁር እንዳይከለክሉ ሕግ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ቢወጣም ነጂዎቹ አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። አንድ ቀን እጇን ብታነሳ የሚቆምላት ስታጣ «መሳፈር እፈልጋለሁ!» ብላ ሦስት ጊዜ ጮኸች። ሰው ተሰብስቦ መንገዱ ሲዘጋ ትራሙ ቆመ፣ እሷም ዘላ ገባች። ሌላ ቀን ደግሞ አንድ ትኬት ቆራጭ ሊያስወርዳት ሲታገል ትከሻዋን ጎዳት። በድብደባ አስከሰሰችው፣ ከሥራውም ተባረረ። ችሎቱ ሳያልቅ የትራሞቹ ውስጥ ነጭና ጥቁር ተደባልቆ ጨውና በርበሬ መሰለ ብላ ስትናገር ትስቅ ነበር። በርበሬ ያለችው እንግዲህ ቁንዶ በርበሬን ነው፤ የእኛ ቀይ በርበሬ ቀልዱን ያበላሸዋል።

ለጥቁር ወንዶች የመምረጥ መብት መስጠትን ተቃውማለች ይባላል። ልክ ነው?

ከጦርነቱ በኋላ ጥያቄው ማን ይቅደም የሚል ሆነ። ከባርነት አምልጦ ዝነኛ ተናጋሪ የሆነውን ፍሬድሪክ ዳግላስን የመሰሉት ለጥቁር ወንድ የሞት ሽረት ጉዳይ ስለሆነ እሱ ይቅደም አሉ። የሴቶች መብት ንቅናቄ መሪዎቹ ኤልዛቤት ስታንተንና ሱዛን አንቶኒ ሴቶችን የማይጨምር የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አንደግፍም ብለው ተነሱ፤ በዚህም ወቅት ስታንተን ስለ ጥቁሮችና ስለ ስደተኞች የሚያሳፍር ነገር ተናግራለች። ንቅናቄው በ1869 ለሁለት ተከፈለ።

ትሩዝ በግንቦት 1867 ኒው ዮርክ ላይ የተናገረችው ከሁለቱም የተለየ ነው። ስለ ጥቁር ወንዶች መብት ትልቅ ጫጫታ አለ፣ ስለ ጥቁር ሴቶች ግን አንዲት ቃል የለም አለች። ወንዶቹ ብቻ መብት ካገኙ በሴቶቹ ላይ ጌታ ይሆናሉ፣ ነገሩም እንደ ድሮው ክፉ ይሆናል ነው ክርክሯ። ብረትን እንደጋለ እንደሚባለው፣ ነገሩ ሲንቀሳቀስ ካልተገፋ አንዴ ከቆመ እንደገና ማስነሳቱ ረጅም ጊዜ ይወስዳል ብላ አስጠነቀቀች። ከወንድ እኩል ሠርቼ የወንድ ያህል አልተከፈለኝም የሚለውንም እዚያው አንስታለች። ይህን ጥቁር ወንዶችን መቃወም ነው ብሎ የሚያነብ ሰው ንግግሩን ከመካከሉ ቆርጦ ነው። ፍርሃቷም መሬት ጠብ አላለም፤ የ1870ው 15ኛ ማሻሻያ ለወንዶች ፈቀደ፣ ሴቶች እስከ 1920ው 19ኛ ማሻሻያ ጠበቁ፣ በደቡብ ያሉ ጥቁሮች ደግሞ ወንዱም ሴቷም በተግባር እስከ 1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ ታገዱ።

እሷ ራሷ መርጣ ታውቃለች?

አታውቅም። በ1872 ባትል ክሪክ ውስጥ ልምረጥ ብላ ሄዳ መልሰዋታል።

ከሃሪየት ተብማን በምን ትለያለች?

ተብማን ከሜሪላንድ በ1849 አምልጣ እየተመለሰች 70 ያህል ሰዎችን በድብቅ መንገድ ያወጣችው ናት። ትሩዝ ሥራዋ በአደባባይ ነበር፤ ሰዎችን በድብቅ አላሻገረችም። በ1864 ቦስተን ውስጥ ተገናኝተው ስለ ሊንከን ተከራክረዋል፤ ትሩዝ ደጋፊው ስትሆን ተብማን ለጥቁር ወታደሮች ዝቅ ያለ ደሞዝ እየከፈለ ምን ወዳጅ ነው ባይ ነበረች።

መታሰቢያዋን የት ማየት ይቻላል?

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ለሚኖር ወገን ቅርብ ነው፤ በካፒቶል (የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ) የጎብኚዎች ማዕከል፣ ኢማንሲፔሽን ሆል በተባለው አዳራሽ ውስጥ ከ2009 ጀምሮ ደረቷ ድረስ ያለው የነሐስ ሐውልቷ ቆሟል። መግቢያው ነፃ ነው። በካፒቶል እንዲህ የተከበረች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ደግሞ በነሐሴ 2020 የተመረቀ ሐውልት ላይ ከአንቶኒና ከስታንተን ጋር አንድ ጠረጴዛ ከበው ይታያሉ። የመጀመሪያው ንድፍ ሁለቱን ነጮች ብቻ ይዞ ነበር፤ እሷ የተጨመረችው ትችት ከተነሳ በኋላ ነው።

መቃብሯ ባትል ክሪክ፣ ኦክ ሂል በሚባለው መካነ መቃብር ነው። ድንጋዩ ላይ «105 ዓመት ገደማ» የሚል ተቀርጿል፤ በሕይወት ሳለች ዕድሜዋ ሲጋነን አትቃወምም ነበርና። ስትሞት ግን 86 ያህል ነበረች፤ ለጽሑፋችሁ ቁጥሩን ከድንጋዩ ላይ አትቅዱ።